በላም ለሁሉም

እንግዲህ ጥፋቱን ራሴው ብናገር ይሻላል። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ስትወጡ ወይም ስትወርዱ፣ ከኋላዋ «በላም ለሁሉም» የሚል የለጠፈች ባጃጅ አይታችሁ ከሳቃችሁ፣ የሳቃችሁት በእኔ ነው። ባለቤቷ ምንም አላጠፋም። እኔም ብሆን «በላም» ብዬ አልጻፍኩም። የጻፍኩት «ሰላም ለሁሉም» ብዬ ነው። ማለቴ... የጻፍኩ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አብሮ አደጌ የእቁብ ብሩን አጠራቅሞ፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድሮ ባጃጅ ገዛ። አርባ ምንጭ ውስጥ ባጃጅ መግዛት የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከኋላው ምን እንደሚጻፍበት መወሰን ነው። የባጃጅ ጀርባ እኮ የከተማችን ጋዜጣ ነው። ጥቅሱ አለ፣ ምርቃቱ አለ፣ ለምቀኛ የተላከ መልእክት አለ፣ የአርሴናልና የማንቼ ንትርክ አለ። ወዳጄን ያሳሰበው ግን ቃሉ ሳይሆን መልኩ ነበር። ስልኩን አውጥቶ የአንድ የጠፈር ፊልም ፖስተር አሳየኝ። ፊደሎቹ ክብ የሚባል ነገር አያውቁም። ጥግ ጥጋቸው በመቀስ የተቆረጠ፣ ወደ ጎን የተለጠጡ፣ ከሮኬት ላይ ተነቅለው የመጡ የሚመስሉ ናቸው። «እንደዚህ በአማርኛ ሥራልኝ። የሁሉንም ሰው ዓይነት ጽሑፍ አልፈልግም» አለኝ። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ሰው «ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ «ዲዛይነር ነኝ» ማለት ጀምሬ ነበር። (የሠርግ መጥሪያና የቢዝነስ ካርድ እየሠሩ ዲዛይነር ነኝ ማለት ትንሽ ይጋነናል። ግን ማን ይከለክለኛል?) እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል!

የዚያኑ ማታ ስለነዚህ ፊደሎች ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የወደፊቱን ዘመን የሚያስመስል ፊደል የሚገርመው ነገር፣ ራሱ ያረጀ መሆኑ ነው። ጣልያናዊው አልዶ ኖቫሬዜ ዩሮስታይል የተባለውን ፎንት ያወጣው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። «ኦ»ው ክብ አይደለም፤ የድሮ ቴሌቪዥን መስታወት ነው የሚመስለው፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ጥጉ የለሰለሰ። ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ባወጣው «2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ፊልም ውስጥ የጠፈር መርከቧ ስክሪኖች ላይ ገባ። ከዚያ በኋላ ጠፈር ማለት ይህ ፊደል፣ ይህ ፊደል ማለት ጠፈር ሆነ።

ከኖቫሬዜ ይልቅ የሳበኝ ግን አንድ ሆላንዳዊ ነው። ቪም ክራውዌል ይባላል። በ1967 የያኔዎቹ የፊደል መልቀሚያ ስክሪኖች ክብ መስመር በደንብ መሳል እንደማይችሉ አየና «እንግዲያው ማሽኑን ከማስጨነቅ ፊደሉን ልቀይር» ብሎ ተነሣ። ቀጥ ያለ፣ አግድም ያለ፣ ጥጉ ላይ በ45 ዲግሪ የተቆረጠ። አለቀ! ሌላ መስመር የለም። ስሙንም «ኒው አልፋቤት» አለው። ሲያዩት ያምራል፣ ሲያነቡት ያስለቅሳል። ሰውየው ራሱ ለሐሳብ እንጂ ለአገልግሎት ያሰበው አልነበረም። በ1988 ጆይ ዲቪዥን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ «ሰብስታንስ» የሚለው አልበም ሲወጣ፣ ሽፋኑ የተጻፈው ሰው እንዲያነበው ተብሎ በተነካካ የክራውዌል ፊደል ነበር። በክራውዌል በራሱ ሥርዓት ካነበባችሁት ግን ቃሉ «ሰብስታንስ» አይደለም፤ መሃሉ ላይ የ1 ቁጥር የገባበት ትርጉም የለሽ ነገር ነው። ይህን ሳነብ በጣም ሳቅሁ። ከሳምንት በኋላ ምን እንደሚጠብቀኝ ባውቅ ኖሮ አልስቅም ነበር።

ለማንኛውም፣ የሒሳብ ደብተር ገዛሁ፤ ያ ካሬ ካሬ ያለውን። ሕግም አወጣሁ፤ ክብ የለም፣ ሁሉም ቀጥ ያለ፣ ጥጉ የተቆረጠ። የጀመርኩት በ«በ» ነው። «በ» እኮ ሳይነግሩት የተዘጋጀ ፊደል ነው። ሁለት እግር፣ አንድ ጠፍጣፋ ራስ፣ ሮኬት ማስወንጨፊያ በሉት። ከዚያ «ሀ»ን ሳደርግ የተገለበጠ «በ» ሆነ። ደስ አለኝ። «ቀ» ክቧ ወደ ሳጥን ተለወጠች፤ ጎበዝ። «ዐ» ባዶ ሳጥን ሆነ፤ ይሁን። ከዚያ «ሰ» መጣ። የ«ሰ» ራስ ሾል ብሎ ከረር ያለ ነው። ሕጌ ግን ሕግ ነውና ራሱን ጠፍጣፋ አድርጌ፣ ሁለቱን ጥጎች በ45 ዲግሪ ቆረጥኩት። ቆንጆ ሆነ። ቆንጆ የሆነውም «በ»ን ስለመሰለ እንደነበር ያኔ አልታየኝም። አንድ ነገር ሦስት ሌሊት ስታፈጥበት ዓይንህ ያለውን ሳይሆን የምታውቀውን ነው የሚያነበው።

ስቲከሩ ተቆረጠ፣ ተለጠፈ፣ ፎቶ ተነሣን።

የመጀመሪያው ቀን ገና ረፋዱ ላይ አንዲት እናት ባጃጇን አስቁመው «ልጄ፣ ወተቱ በሊትር ስንት ነው?» አሉት። ከሰዓት ላይ ተራ አስከባሪዎቹ «ላሟ የት ታስራ ነው?» ማለት ጀመሩ። ማታ ላይ ስም ወጥቶለት ነበር፤ «በላም»። እኔ የሰማሁት ደግሞ ከሰው ነው፣ ምክንያቱም እሱ ስልኬን አላነሳም አለ። በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዕዳ ያለበት ሰው ነኝ። ሰው እንዲስቅብኝ አይደለም የከፈልኩህ» ብሎኝ ሄደ። የከፈለኝ እንኳን የስቲከሩን ዋጋ ብቻ ነበር፤ ግን መልስ አልነበረኝም። ስቲከሩን ለመንቀል ቀለሙም አብሮ ይነሣል ብለው ስላስፈራሩት ጽሑፉ እዚያው ቀረ።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ችግሩ ግልጽ ነው። ናሳ በ1975 ያወጣውን፣ «ትሉ» እየተባለ የሚጠራውን አርማ አስታውሱ። «ኤ»ዎቹ መሃላቸው ላይ ያለችው አግድም መስመር የለችም። በ1992 ጡረታ ወጣ፣ በ2020 ደግሞ ሮኬት ላይ ተመልሶ ታየ፤ ያች መስመር ባትኖርም ቃሉ ይነበባል። ለምን? ላቲን 26 ፊደል ነው፤ «ኤ» ያችን መስመር ቢያጎድል የሚጋጨው ሌላ ፊደል የለም። የእኛ 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። እኛ ጋ ያች ጭረት ጌጥ አይደለችም፣ ድምፅ ናት። «ባ» እና «ቦ»ን የሚለያቸው የትኛው እግር እንደረዘመ ብቻ ነው። «ቡ» እና «ቢ»ን የሚለያቸው ጭረቷ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ መሆኗ ነው። «ሰ»ን ጠፍጣፋ ሳደርገው ያጠፋሁት አንድ ፊደል ሳይሆን አንድ ሙሉ ቤት ነው፤ ሱም ቡ ሆነ፣ ሳም ባ ሆነ። ጎረቤትም አልተረፈም። «ሸ» ማለት ባርኔጣ ያደረገ «ሰ» አይደል? እሱም «ቨ» ሆኖ ተገኘ። ሸማ በኔ ፎንት ሲጻፍ «ቨማ» ነው!

አንድ ሌላ ጓደኛዬ «ምን አደከመህ፣ በላቲን ጻፈውና ተገላገል» አለኝ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ጋሞኛ የሚማሩት በላቲን ነው፤ በላቲን ቢሆን ደግሞ የሮኬት ፎንት በሺህ ሞልቷል፣ በነፃ። የአማርኛው ሲታይ ዩኒኮድ ውስጥ ፊደላችን የገባው በ1999 ነው፣ ዊንዶውስ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 ነው፤ ጌጠኛ ፎንት ገና የሚቆጠር ነው። ጋሞኛን በፊደላችን ለመጻፍ የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ቅርጾችማ፣ ከጎፋ፣ ከዳውሮ፣ ከባስኬቶና ከጉሙዝ ቋንቋዎች ጋር በ32 ፊደል ተጠቃለው ዩኒኮድ የገቡት በ2010 ነው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። የእኔ አሮጌ ስልክ ላይ እነዚህ 32ቱ የሚታዩት ባዶ ሳጥን ሆነው ነው። አየሁና «ይኸው፣ ጥግ ያለው የወደፊቱ ፊደል!» ብዬ ለራሴ ቀለድኩ። ላቲኑን ግን እሺ ማለት አቃተኝ። እልህም ይሆናል። ወዳጄ እኮ ከመጀመሪያው ያለኝ «በአማርኛ ሥራልኝ» ነው።

አሁን ትንሽ ወደ ቤተሰብ ጉዳይ ልግባ፤ ያለ እሱ የሚቀጥለው አይገባችሁም።

የእኛ ዘሮች የዶርዜ ሸማኔዎች ናቸው። አጎቴ በልጅነቱ እንደ ብዙ የአገራችን ልጆች አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ተወስዶ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያደገው፤ ሸማ የሚሠራው እግርን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ተቀምጦ ነውና። ደብተር አልያዘም። ጎልማሳ ሆኖ ወደ ዶርዜ ተመለሰ። አባቴ በበኩሉ «የእኔ ልጅ ጉድጓድ አይገባም» ብሎ ማለ፣ አርባ ምንጭ አስተማረኝ። አልገባሁም። እንዲያውም ትምህርት ቤት «የሸማኔ ልጅ» ብለው ሲሰድቡኝ የአጎቴን ሥራ ከአፌ ማውጣት ተውኩ። ሥራህን ሰው ሲጠይቅህ «ዲዛይነር» ማለት የሚጣፍጠው አንዱ ለዚህ ነው፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ዶርዜ ከአርባ ምንጭ ሩቅ አይደለም፤ ዳገቱን ወጥተህ ብርዱ ሲቀበልህ ደርሰሃል። እኔ ግን ከሠርግና ከለቅሶ ውጪ አልወጣም ነበር።

ያን ቅዳሜ የወጣሁት ለለቅሶ አልነበረም። ከወዳጄ ጋር ስለተጣላሁ ከተማው አስጠልቶኝ ነው። ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

አጎቴ ለበዓል የታዘዘ ነጠላ እየሠሩ ነበር። ቆጮና ዳጣ ቀረበልኝ፣ በላሁ፣ ዝም ብዬ እጃቸውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ደብተሩን አውጥቼ አሳየኋቸው። 33ቱን ፊደል በተርታ የደረደርኩበት ገጽ ነው። መወርወሪያውን አስቀምጠው ደብተሩን ተቀበሉኝና ዘቅዝቀው ያዙት። አቃንቼ ሰጠኋቸው። ጥቂት አዩና ጣታቸውን አንዱ ላይ፣ ሌላ ጣታቸውን ደግሞ ሌላው ላይ አደረጉ።

«ይሄና ይሄ አንድ ናቸው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄኛው ሰ ነው፣ ያኛው በ ነው።»

«ስሙን እኔ አላውቅም። ሥራው ግን አንድ ነው። አንዱን ለምን ሁለቴ ሠራኸው?»

ሦስት ሌሊት ያላየሁትን፣ ስቲከር ቆራጩ ያላየውን፣ ወዳጄም ቆሞ ፎቶ ሲነሣ ያላየውን፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቡና ሳይፈላ አየው! ሆዴን አንዳች ነገር ቆረጠኝ። ከዚያ «ሰው በእጁ ሲጽፈው እንዴት ነው?» አሉኝ። በእስክሪብቶ «ሰ» እና «በ» ጻፍኩላቸው።

«ይሄ ጣራ ነው» አሉ ሰን እያዩ። «ይሄኛው ጠረጴዛ ነው። ጣራውን ምን በድሎህ ጠረጴዛ አደረግከው?»

«ክብና ሾጣጣ እንዳይኖር ብዬ ነው ጋሼ፤ ሁሉም ቀጥ እንዲል።»

ሳቁ። «ና» ብለው ወደ ሸማው አስጠጉኝ። እስቲ እናንተም ቤት ያለውን ነጠላ ጥለት ቀርባችሁ እዩት። ክብ የመሰላችሁ ሁሉ ክብ አይደለም። ድሩ ወደ ፊት፣ ማጉ ወደ ጎን ነው የሚሄደው፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። ጥበቡ ሲሠራ ደግሞ ባለቀለሙ ክር በእጅ ነው የሚገባው፤ የድሩን ክር ቆጥሮ፣ ይህን ያህል አንስቶ፣ ይህን ያህል ትቶ። ሾጣጣ ሲፈለግ በየዙሩ ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ክር ይቀነሳል። ደረጃ ይሆናል። በዓይን ሲታይ ግን ጣራ ነው። «ቶሎ ቶሎ ካጠበብከው ይሾላል፣ ካዘገየህ ይተኛል» አሉኝ። የቀዳዳውንም ጠየቅኳቸው፤ የ«ቤ»ና የ«ሴ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ሳንስ ስትል እየደፈነች አስቸግራኝ ነበር። «ሦስት ያስፈልግሃል» አሉ፣ «ግድግዳ፣ ቀዳዳ፣ ግድግዳ። ሁለት ክር ይዘህ ቀዳዳ አትሠራም።»

ክራውዌል ማሽኑ ክብ ስለማይችል ፊደሉን ለወጠ፤ እሺ። አጎቴም የያዙት ዕቃ ክብ አይችልም፤ እሳቸው ግን ጣራውን ጣራ አድርገው ነው የሚያወጡት። እኔ ምን አስገደደኝ? ኮምፒውተሬ ክብ ይችላል። የተቆረጡትን ጥጎች ያመጣኋቸው ፖስተሩ ላይ ስላየኋቸው ብቻ ነው። የዶርዜ ቤት እንኳን ዝሆን መስሎ ሲሠራ በሩ የት እንደሆነ አይጠፋም።

እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ደብተሩ ላይ አንዷን ካሬ እንደ አንድ ክር ቆጥሬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ቁመት 16፣ እግር 3፣ ቀዳዳ ከ1 አያንስም። «በ» ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ፤ «ሰ» በደረጃ የሚወጣ ጣራ ሆነ። «ሸ» ጣራው ላይ አግዳሚ ተጨመረለት። አስቸጋሪው ሳድሱ ነበር፤ ሳድስ መቼም ሕግ አያውቅም፣ እያንዳንዱን ለብቻው ማባበል ነው። አንዳንዱ ፊደል ከሮኬት ይልቅ የዱንጉዛ ጥለት መሰለ። አጎቴ የሚያዩት ስሙን ሳይሆን ሥራውን ነው፤ ገጹን ስሰጣቸው ጣታቸውን እያዞሩ መንታ ይፈልጋሉ። ሁለት ጊዜ አገኙብኝ። በሦስተኛው ዝም ብለው መለሱልኝ።

ወደ ከተማ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ነገር አየሁና ትንሽ አፈርኩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በየሐ ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን የጥንት የሳባ ፊደሎች ፎቶ ስመለከት፣ ፖስተር በሉት! ቀጥ ያሉ፣ የተለኩ፣ እኩል የቆሙ። ከማንኛውም የጠፈር ፊልም የበለጠ የጠፈር ናቸው። «በ» እዚያም ጠፍጣፋ ነው። የ«ሰ» አባት ግን ራሱ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ተተክሎለታል፤ ድንጋይ ጠራቢውም ሁለቱን አላምታታም። ዘንጓን ልዋሳት አስቤ ነበር፣ አልሆነም። ያኔ ፊደሉ አናባቢ አልነበረውም፤ ዛሬ «ሰ» ራስ ላይ ጭረት ካቆምክ «ስ» ነው የሚነበበው። የአጎቴ ደረጃ ይሻላል።

አጎቴ የበዓሉን ሥራ ከጨረሱ በኋላ ሁለት ቀን ወስደው አንድ ቁራጭ ሠሩልኝ፣ በነጭ ላይ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር። «ሰላም ለሁሉም» ልንል ነበር። የድሩን ክር ቆጥረው «ምንድን ነው የሚለው ይሄ ሁሉ?» አሉኝ። በጋሞኛ ነገርኳቸው።

«ሳሮ ነው የሚለው? ታዲያ ሳሮ ብለህ አትጽፈውም? ሁለት ነው፣ ክርም አይፈጅም።»

(በድሮው ፎንቴ «ሳሮ» ብዬ ብጽፈው ኖሮ «ባሮ» ይሆን ነበር። ወንዙ ጋምቤላ ነው ያለው፤ ያኔ ደግሞ «ለጋምቤላ ስንት ታስከፍላለህ?» ይሉት ነበር።)

ወዳጄ ጋ ይዤው ሄድኩ። ለረጅም ጊዜ አየው። ይቅርታ ስለው «ተወው እሱን» አለኝና የስቲከሩንም ፋይል ተቀበለኝ። የባጃጇ ፊት ላይ አሁን «ሳሮ» ይላል፣ በደረጃ ጣራ። ከኋላ ያለውን «በላም ለሁሉም» ግን አልነቅልም አለ። ደንበኞቹ በዚያ ስም ነው የሚደውሉለት፤ አንድ ሆቴል እንኳን እንግዳ ሲኖረው «በላምን ጥሩልኝ» ነው የሚለው። ሳቁ ይቆጨው እንደሆነ ጠየቅኩት። «ዕዳው እስኪያልቅ አይቆጨኝም» አለኝ።

የአጎቴን ቁራጭ ሸማ ደግሞ ከፊት መስታወቱ በላይ ሰቀለው። ባለፈው አጎቴ ለሕክምና ወርደው ከመናኸሪያ የተቀበልናቸው በእሱ ባጃጅ ነው። ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀምጠው መንገዱን ሳይሆን ያንን ሲያዩ ቆዩ። ሲቀላ ልንደርስ ስንል የወዳጄን ትከሻ ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ ዘቅዝቀህ ነው የሰቀልከው። ጣራው ተደፍቷል፣ ዝናብ ያስገባል።»